ከታይፔ የመጣው መራራ ጥቅል

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የደረቀ ጆሮ ይመስላል» አለች የሐሴት እናት ወንጌላዊት፣ ከካርቶኑ ውስጥ አንድ የላስቲክ ከረጢት እያወጣች።

ሐሴት ማየት አላስፈለጋትም። ሽታው ብቻ ምላሷን ሰበሰበው። ኩጓ ነው፤ ኪያር የሚመስል፣ ቆዳው ጉብ ጉብ ያለ መራራ አትክልት፣ በስሱ ተከትፎ የደረቀ።

«ሊን አዪ ናቸው የላኩልኝ» አለች። አዪ ማለት በቻይንኛ አክስት እንደማለት ነው።

«ብትወጂው ነዋ!» አለች እናቷ። የሆስፒታል ባጇን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ በርክሌ ወዳለው ሥራዋ እየተቻኮለች ወጣች።

ሐሴት ከረጢቱን ይዛ ኩሽናው መሃል ቆማ ቀረች።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ 1997 ሰኔ ላይ ነው። ሐሴት ከኦክላንድ፣ ሶልያና ከሳን ሆዜ፣ ቻይንኛ የሚማሩ ሃያ ተማሪዎችን ይዞ በሄደ የክረምት ፕሮግራም ታይፔ ገቡ። ከሃያው ሀበሾቹ እነሱ ብቻ ስለነበሩ እንግዳ ተማሪ የሚያሳድሩት ሊን አዪ ቤት አንድ ላይ ተመደቡ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም አንድ ወረቀት ፈረሙ። ለስድስት ሳምንት፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ቤት፣ እንግሊዝኛ መናገር ክልክል ነው። ሦስት ጊዜ የተያዘ የባሕር ዳርቻው ጉዞ ይቀርበታል።

ሶልያና ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። «እንግሊዝኛ ነው የሚለው» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «ስለ አማርኛ ምንም አይልም።»

ሐሴት ሳቋ አመለጣት። ሁለቱም እናቶቻቸው በአማርኛ ሲያናግሯቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ልጆች ነበሩ። ታይፔ ላይ ግን የአንዷን ቃል ሌላዋ እያዋሰች፣ በሞተር ብስክሌት መንጋ መሃል ወደ ክፍል ሲሮጡ፣ ከሰዓት በኋላ በዝናብ በስብሰው ሲመለሱ፣ አማርኛቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። ቻይንኛውም አልቀረም፤ በየጠዋቱ የቃል ጽሕፈት ፈተና ስላለ መቅረት አይችልም።

በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ሊን አዪ ኩጓ በእንቁላል ጠብሰው አቀረቡ። ሶልያና አንድ ጉርሻ ዋጠችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እናቴ እንደ ሬት ይመራል የምትለው ይሄን ነው ለካ!» ሐሴት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ምን እያላችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ ሊን አዪ በቻይንኛ፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው።

«በጣም ጣፋጭ ነው እያልን ነው» አለች ሶልያና፣ ፈጠን ብላ።

ከዚያ ወዲያ ኩጓ ከገበታው አልጠፋም። ሊን አዪ ገና በማለዳ ገበያ ወርደው፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ አራት ፎቅ ይወጣሉ። ሐሴት በሩዝ እየሸፈነች ትውጠዋለች። ሶልያና «ሃኦ ቺ!» ትላለች፣ ይጣፍጣል ማለቷ ነው።

አሁን ሐሴት ከካርቶኑ ሥር ያገኘችውን ደብዳቤ ዘረጋች። ሊን አዪ ማንበብ እንዳይከብዳት ፊደሉን አጉልተው ጽፈውታል። የጎደላትን ከመዝገበ ቃላት ሞላች።

«ገበታዬ ዝም ብሏል። በቋንቋችሁ ስትስቁ ባይገባኝም ደስ ይለኝ ነበር። ኩጓ እናቴ ትወደው ነበር፤ ልጄ አይነካውም። እናንተ ስትወዱት ግን እናቴ አብራን የተቀመጠች ይመስለኝ ነበር። ይህን ጣሪያ ላይ አደረቅሁት፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ አስገባ ነበር። ለናንተ ብዬ ሌላም ተክያለሁ።»

ሐሴት ስልኩን አነሳች።

«ላንቺም መጣልሽ?» አለች ሶልያና ከሳን ሆዜ። «እኔ ወዲያው ጣልኩት። ጀስት ታንክ ዩ ብለሽ ጻፊ።»

«ሌላ ተክለዋል እኮ፣ ሶሊ።»

«ታዲያ ምን ልንላቸው ነው? ስድስት ሳምንት ዋሸንዎት? ካም ኦን!»

እናቷ ማምሻውን ስትመለስ ሐሴት ሁሉንም ነገረቻት። ወንጌላዊት ሳትቀመጥ ነው የሰማቻት። ልጇ ይህን ሁሉ በአማርኛ ስታወራ፣ ከመገረሟ የተነሣ አንዳንዴ ወሬው ራሱ ይጠፋባታል።

«እሺ፣ ይጣፍጣል ያለችው ሶልያና ናት» አለች በመጨረሻ። «አንቺስ?»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«ስድስት ሳምንት?»

እናቷ አልጨመረችባትም፤ ጫማዋን ልታወልቅ ወደ ውስጥ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ሐሴት መስመር ያለው ወረቀት አወጣች። «መራራ» የሚለውን ፊደል ከቃል ጽሕፈቱ ታውቀዋለች፤ «ዋሸን» የሚለውን ግን ፈልጋ ነው ያገኘችው። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደደችው። በሁለተኛው ላይ ኩጓው እንደሚመራቸው፣ የሳቁትም ለዚያ እንደነበር ጻፈች። ከዚያ እጇ ፈጠነ። የጠዋቱን የስኳር ድንች ገንፎ እንደምትወደው፣ ዝናብ ሲመታቸው ሊን አዪ ፎጣ ይዘው ደጃፍ ላይ ይጠብቋቸው እንደነበር፣ እናቷ በአማርኛዋ እንደተገረመችና ያ የሆነውም እሳቸው ገበታ ላይ መሆኑን ጨመረች። የእናታቸውን ነገር እንዲጽፉላትም ጠየቀች። ገጹ ሞላ።

ለሶልያና ደወለች። «ጽፌዋለሁ» አለች።

«ስሜን አስገባሽ?» አለች ሶልያና።

«የራሴን ብቻ ነው የጻፍኩት። ከሥር ግን ቦታ አለ።»

በስልኩ ውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ጠፋ።

«እስከ ፍሪሞንት በአውቶቡስ እመጣለሁ፤ ከዚያ ወደናንተ ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለች ሶልያና።

«በየሃያ ደቂቃው አለ።»

«እስክመጣ እንዳትልኪው።»

ሐሴት ደብዳቤውን አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተች። ሳታሽገው ጠረጴዛው ላይ ተወችውና ጃኬቷን ለብሳ ወደ ባቡር ጣቢያው ወረደች።