የተቀየረው የይለፍ ቃል

ጠበቃዋ የተገኘችው እቤቷ ባለው የሥራ ክፍሏ፣ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር በአፍጢሟ ተደፍታ ነው። የራስ ቅሏ ከኋላ ተፈርክሷል። የልብስ ካውያው አጠገቧ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ከደም ጋር ፀጉር ተጣብቆበታል። ለማየት የሚከብደው ግን ቀኝ እጇ ነበር፤ ሦስት ጣቶቿ እንደ ጭራሮ ተሰብረው ወደ ኋላ ታጥፈዋል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት ኢንስፔክተር ደፍ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘች። መርፌ ያሏት በቅጥነቷ ብቻ አይደለም፤ የገባችበትን ሳትበሳ አትወጣም።

«አሠቃይቶ ነው የገደላት» አለ ረዳቷ። «የይለፍ ቃሏን እንድትነግረው። ግን አልተሳካለትም፤ ኮምፒውተሩ ‹የተሳሳተ ቃል› ብሎ ተቆልፏል።»

መርፌ ጎንበስ ብላ የኮምፒውተሩን ቁልፎች አየች። ደም ነክቷቸዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ሰባቱ ብቻ በጣት ጫፍ ልክ ቀልተዋል።

«ፎቶ አንሣቸው» አለች። «ማንም እንዳይነካቸው።»

ሟቿ ባሎቻቸው የሚደበድቧቸውን ሴቶች ወክላ ትሟገት ነበር፤ መደበቂያም ትፈልግላቸዋለች። አድራሻቸው የሚገኘው በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። በመጨረሻ የደበቀቻት ደግሞ ባዳ አልነበረችም፤ የባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት ነበረች።

ባልየው፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ ሳሎን ተቀምጦ መሐረቡን ያሻል።

«ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው ያገኘኋት። ያንን ማሽን እኔ ማብሪያውን እንኳ አላውቀው። ወንድሜን ክፉ አልናገርም፤ ግን ሰሞኑን መጥቶ ‹ሚስቴን አምጪ!› እያለ በሩን ሊገነጥለው ነበር። ጎረቤት ይመስክር።»

ክፉ አልናገርም የሚል ሰው ክፉውን አስከትሎ እንደሚናገር መርፌ በሥራዋ ብዙ አይታለች።

ታናሽየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ። ባለፈው ወር ሚስቱ የተደበቀችበት ቤት ድረስ ሄዶ ክንዷን ሰብሮ፣ ታስሮ በዋስ ተለቋል፤ ሚስቱ ግን ወደ ሌላ መደበቂያ ተዛውራለች።

«አዎ፣ በሩን ደብድቤያለሁ!» ሲል ጮኸ። «በሰው ትዳር ምን ጥልቅ አደረጋት? እትዬን ግን አልነካሁም።»

«ሚስትህ ያለችበትን ቤት ያን ጊዜ ማን ነገረህ?»

ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ሰማሁ። ሰው አይሰማም?»

መርፌ አልገፋችውም። መንገዱ ማዶ ወዳለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ተሻገረች። ጠጋኙ ወሬውን ሰምቶ ዐይኑ ቀልቷል።

«ያቺ ልጅ ክንዷን ከተሰበረች በኋላ እትዬ እየሮጡ መጡ» አለ። «‹አድራሻውን ከእኔ ኮምፒውተር በቀር የሚያውቀው የለም፤ አንድ ሰው እያነበበብኝ ነው› አሉኝ። የድሮውን የይለፍ ቃል፣ ኮምፒውተሩን ሲገዙ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ትርጉም የሌለው የፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ‹ቀይሩት› ብላቸው እጄ ለመደው ብለው ትተውት ኖሯል። ያን ቀን ቀየሩት።»

«አዲሱን ታውቀዋለህ?»

«ኧረ በፍጹም! ሲጽፉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር። የሌላ ሰው ቁልፍ አይታይም።»

የድሮውን እንዲጽፍላት ጠየቀችው። ጻፈ። መርፌ ፊደሎቹን ከፎቶው ጋር ስታስተያይ ከንፈሯን ነከሰች። ወዲያው የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ደወለላት፤ ሰምታ ስልኩን ዘጋች።

በነጋታው ሦስቱን ወንዶች ሟቿ ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩን ይዘዋል።

«ሐኪሙ እንደነገረኝ» ብላ ጀመረች፣ «ጣቶቿ የተሰበሩበት ቦታ ደም አልቋጠረም፣ አላበጠም። የተሰበሩት ከሞተች በኋላ ነው። እስቲ ንገሩኝ፤ ከሬሳ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ማን ነው?»

የቁልፎቹን ፎቶ የመስታወት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጣቶቿ የተሰበሩት ለእኛ ነው። ገዳዩ ቃሉን የማያውቅ፣ በጉልበት ያመነ ሰው እንዲመስለን።» ወደ ሹፌሩ ዞረች። «አንተን እንዲመስለን።»

«እኔን?» አለ ሹፌሩ።

«ግን ጣት ከመስበሩ በፊት ደም በነካው እጁ ኮምፒውተሩን ሊከፍት ሞክሯል። የነካቸው ሰባት ቁልፎች የድሮው ቃል ፊደሎች ናቸው፤ አንድ አልጎደለም፣ አንድ አልተረፈም። እንዲህ ያለ ዝብርቅርቅ በግምት አይገኝም። ስለዚህ ገዳዩ የድሮውን ያውቃል፤ መቀየሩን ግን አያውቅም። ጠጋኙ መቀየሩን ያውቃል፤ እሱ ቢሆን የሞተውን ቃል አይጽፍም ነበር። ሹፌሩ ደግሞ እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም፤ ሟቿ ለእንግዳ አትከፍተውም ነበር።»

«ታዲያ ማን ቀረ?» አለ መምህሩ።

«በሥራ ክፍሏ ያለው የማንበቢያ ወንበርዎ ከመቀመጫዋ በስተኋላ ነው። ትናንት ተቀመጥኩበት። ረዳቴ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በሌላ ኮምፒውተር ሲጽፍ እያንዳንዱን ፊደል በትከሻው ላይ አየሁ። እርስዎም ለዓመታት አይተዋል፤ ከቀየረችው ወዲህ ግን እርስዎ ባሉበት አልጻፈችውም ማለት ነው። ባሏ ነዎት፤ ማን ፊትዎን ያዙሩ ይልዎታል?»

«የሴት ፈጠራ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። «ለወንድሜ አድራሻ የሰጠሁት እኔ አይደለሁም!»

«ስለ አድራሻ ምንም አላልኩም» አለች መርፌ።

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ቆመ። «ጋሼ… አድራሻውን የነገርከኝ አንተ። ‹ሂድና ሚስትህን እንደ ወንድ አምጣ› ያልከኝ አንተ። አሁን ደግሞ በእኔ ታሳብባለህ?»

ፖሊሶቹ ሳይደርሱበት ቡጢው የታላቁን አፍንጫ አደቀቀው። መምህሩ ከጠረጴዛው ጋር ተላትሞ ወደቀ፤ መስታወቱ ረገፈ፤ ደሙ በሸሚዙ ላይ ተዘረገፈ። ሹፌሩን ከላዩ ላይ ያነሡት ሁለቱ ፖሊሶች፣ መርፌና ጠጋኙ ተረባርበው ነው።

«‹አንተ ነህ የነገርከው፤ ለፍርድ ቤት ጽፌዋለሁ› አለችኝ» አለ መምህሩ ከወለሉ ላይ፣ ጥርሱን ከደም ጋር እየተፋ። «ሰው ምን ይለኛል? ካውያው እጄ ላይ ነበር… የጻፈችውን ላጠፋው ስል አልከፈት አለኝ።»

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» አለ ጠጋኙ፣ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ።

ሁለቱም ወንድማማቾች ታሰሩ፤ ትንሹ የዋስትና መብቱ ተነሥቶ። በር ላይ ሲደርስ ወደ መርፌ ዞረ።

«አሁን እንኳ ሚስቴ የት እንዳለች አትነግሪኝም?»

መርፌ ጠጋ ብላ ቀና ብላ አየችው፤ ቁመቷ ደረቱ ላይ ነው።

«እትዬህ ሞታ ያልተናገረችውን፣ እኔ በሕይወት ቆሜ ልናገር?»