ስድስት እጀታ

አናጢው በስልክ ተጠርቶ የመጣበት ካፌ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከሸሚዙ ላይ ሰጋቱራ ሲያራግፍ መስታወቱ ከውስጥ ተንኳኳ። አንዲት ሴት ፀጉሯን በሻሽ ሸብ አድርጋ፣ ግንባሯን ግሪስ አስነክታ፣ በማንኪያ መስታወቱን እየመታች ትስቃለች።

«ጨረሱ ወይስ ልጠብቅዎት?» አለችው በሩን ከፍታ።

«ገና ነኝ...» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሰው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ምላሱ ሲተሳሰር አያምርበትም፤ ግን ተሳሰረ።

ባለ ካፌዋ አስገብታ ማሽኗን አሳየችው። እንደ ሰው ቀጥ ብላ የቆመች የድሮ የኤስፕሬሶ ማሽን ናት። ቆርቆሮዋን ዝገት በልቶት ቧንቧዎቿ ተራቁተዋል።

«የአባቴ ናት። አምና እሱ ሲሞት ካፌውም ተዘጋ። ሆድ ዕቃዋን እኔው ጠግኜዋለሁ፤ የቀራት ልብስ ነው። የእንጨት ልብስ ይሥሩላት። ቅዳሜ እከፍታለሁ።»

አናጢው ሜትሩን ዘረጋ። «ቁመት... ትከሻ... ከትከሻ እስከ እግር...» እያለ ጻፈ።

«ማሽን ትከሻ አለው እንዴ?»

ምላሱን ነከሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ይህ ሰው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከሬሳ ሣጥን በቀር ሌላ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ሥራው አላሳፈረውም፤ ያሳፈሩት ሰዎች ናቸው። ሦስት ጊዜ ሊያገባ ሦስት ጊዜ ፈርሶበታል። የመጀመሪያዋ አባት ሥራውን ሲሰሙ የያዙትን ብርጭቆ አስቀምጠው ተነሡ። ሁለተኛዋ በጨበጠችው ቁጥር እጇን ትታጠብ ነበር። ሦስተኛዋማ ባያት ቁጥር በዓይኑ የሚለካት እየመሰላት ጎበጥ ብላ መሄድ ጀመረች።

«ብዙ ጊዜ ምንድን ነው የሚሠሩት?» አለች ባለ ካፌዋ።

«ቁም ሣጥን... የሚመስል ነገር።»

ቆሞ አያውቅም እንጂ፣ መምሰሉስ ይመስላል።

ሴትዮዋ አየት አደረገችውና ወደ ማሽኗ ቧንቧዎች ተመለሰች።

ቤት ሲደርስ ለአክስቱ ነገራት። አክስቱ አብራው ትኖራለች፤ የሣጥኖቹን ጨርቅ የምትሰፋም፣ ደንበኛ የምትቀበልም እሷው ናት።

«እውነቱን ንገራት» አለችው መርፌዋን ሳታቆም። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።»

«እስኪ መጀመሪያ ትወቀኝ፣ እቴቴ። ከዚያ እነግራታለሁ።»

በማግስቱ ሊለካ ሄደ። በሦስተኛውም ቀን ሊለካ ሄደ።

«ትናንት ለክተው አልነበር?»

«እንጨት ያብጣል» አለ ኮስተር ብሎ።

«የሚለኩት እኮ ብረት ነው።»

«ብረትም... አይታመንም።»

ሳቀች። አጠገቧ በርጩማ ሳበችለት። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በለኝ። በየቀኑ ለሚመጣ ሰው አንቱታ አይመችም።» ከዚያ ስለ አባቷ አወራችው፤ ማሽኗን ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ ይሏት እንደነበር። አናጢው እየሰማ ልቡ ቀለጠ። ይህችን ሴት ካጣ ሌላ እንደማይፈልግ ያን ዕለት አወቀ። ሊነግራትም አፉን ከፍቶ ነበር። «ምን ልትል ነው?» አለችው። «ቡናው... ይጣፍጣል» አለ። የጠጣው ውሃ ነበር።

ሥራውን ግን አልቀለደበትም። ጣውላውን ላገ፣ ገጣጠመ፣ ለእንፋሎቱ መውጫ ከፈተ፣ ውጭውንም ውስጡንም በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ጥቁር ቡኒ ቫርኒሽ ቀባ። አንድ ምስማር አይታይም። የሙያ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ በእጁ ልምድ ብቻ እንዲህ ያለ ነገር በመሥራቱ ኮራ። ዓርብ ቀትር ላይ በጨርቅ ጠቅልሎ ከአክስቱ ጋር ካፌው አደረሰው።

ጨርቁን ገለጠ።

ለማየት የገባው ጎረቤት ፀጉር አስተካካይ ባርኔጣውን አወለቀ።

አናጢው ያኔ ነው ሥራውን ያየው። መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ከወንድሞቹ፣ ከሌሎቹ ሣጥኖች መካከል ቆሞ ስለነበር ምንም አልመሰለውም። እዚህ ግን... ከትከሻው ሰፊ፣ ወደ እግሩ ጠበብ ያለ። ፊት ለፊት ክዳን። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት የነሐስ እጀታ።

«እጀታው ለምንድን ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለ... ለመሸከም።»

«ስድስት ሰው?»

ባለ ካፌዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አናጢው የምታለቅስ መሰለው። የአባቷን ማሽን ገንዞ አመጣላት፤ ከዚህ በላይ ምን በደል አለ?

«ይቅር በይኝ» አለ። «ቁም ሣጥን አይደለም የምሠራው። የሬሳ ሣጥን ነው። ከነገርኩሽ የምትርቂኝ መስሎኝ ደበቅኩሽ። እጄ ግን መደበቅ አያውቅም። አሁን ይዤው እሄዳለሁ።» እጀታዎቹን ያዘ።

«አስቀምጠው» አለች ዞር ብላ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ የሳቅ ነው። «ስልክህን ከየት ያገኘሁት ይመስልሃል?»

እስከዚያች ደቂቃ አስቦት አያውቅም።

«አባቴን የሸኘነው አንተ በሠራኸው ሣጥን ነው። ያን ቀን እንጨቱ እንዳይወጋው ፈርቼ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። አንድ ስንጥር የለውም። ውስጡ እንደ ውጭው ለስላሳ ነው። ማንም ለማያየው ቦታ እንዲህ የደከመ ሰው ማን ይሆን እያልኩ ዓመት ከረምኩ። ስልክህን የሰጠችኝ አክስትህ ናት።» እንባዋን ጠረገች። «አንተ ግን ቁም ሣጥን አልከኝ። በዚያ ሥራህ ታፍራለህ ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። ዛሬም ሳትነግረኝ ብትሄድ ኖሮ፣ አመስግኜ ልሰናበትህ ወስኜ ነበር።»

አናጢው ወደ አክስቱ ዞረ። «እቴቴ... ታውቂ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«እውነቱን ንገራት አልኩህ እኮ» አለች አክስቱ። «ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?»

ያን ዕለት ከሰዓት ትከሻውን ቆርጦ፣ ክዳኑን ለውጦ፣ ሣጥኑን አራት ማዕዘን አደረገው። እጀታዎቹን ሊነቅል ሲል ባለ ካፌዋ እጁን ያዘችው፤ እስካሁንም አልለቀቀችውም። ቅዳሜ ካፌው ሲከፈት እንፋሎቱ በላይ በኩል ወጣ፣ ስድስቱ እጀታዎች ላይም ስድስት ፎጣ ተሰቀለ። የመጀመሪያውን ስኒ ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ጠጣ።

ሊጋቡ ሳምንት ሲቀራቸው አናጢው አልጋ ሠራ። አክስቱ ዙሪያውን ሁለቴ ዞረችና «እጀታ የለውም፤ ደህና ነው» ብላ አጸደቀች። ሙሽራዋ ግን በርከክ አለች። ማንም ወደማያየው ወደ አልጋው ሥር እጇን ሰደደችና ጣውላውን ዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አናጢውን አየችው። ለስላሳ ነበር።