የጠፋው ጊታር

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ከተማችን የሙዚቃ ፌስቲቫሎች በጋዜጣ አምዴ አንድም ሳላጓድል ጽፌያለሁ። ዘንድሮ ግን ደከመኝ። የፕላስቲክ ወንበሩ ያው፣ አቧራው ያው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ቼክ» ያው። ሙዚቃን የተማርኩት በአጎቴ ልብስ ስፌት ቤት፣ ከሬዲዮው ሥር ቁልፍ እየተከልኩ ነው። ከጆሮዬ በቀር የምስክር ወረቀት የለኝም።

እሷ የድምፅ ባለሙያ ናት። ከመድረኩ ትይዩ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ ድምፅ በምታመጣጥንበት ሚክሰሯ ላይ አጎንብሳ ትውላለች። አራት ዓመት ከአጠገቧ ተቀምጬ ከሰላምታ አላለፍንም። ደህና ዜማ ሲመጣ ቀና ትላለች፤ እኔም ቀና እላለሁ፤ ዓይን ለዓይን እንጋጫለን፤ ሁለታችንም ወደ ሥራችን። ያቺኑ እይታ ይዤ ስንት ወር ከረምኩ!

በአንዱ ፌስቲቫል ግን «ጊታሩ ጭራሽ አልተሰማም፤ ባለሙያዋ እንቅልፍ ላይ ነበረች ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጆቹ ማስጠንቀቂያ ሰጧት፤ አንድ ጥፋት ብትደግም ከሥራ ትወጣለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ በተከታዩ ፌስቲቫል ቀን ከሰዓት፣ ሜዳው ገና ባዶ ሳለ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ሊጽፉብኝ ነው?»

«የሰማሁትን ነዋ።»

«እሱማ ነው ጣጣው። እስቲ ቁጭ ይበሉ።»

ጊታሩ አልተሰማም ያልኩበትን ቀን ቅጂ ከፍታ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀችልኝ። ከበሮው አለ፣ ባሱ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ዘፋኟም አለች።

«ጊታሩስ?» አልኳት።

ማዳመጫውን አወለቀችና የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጋ መልሳ አጠለቀችልኝ።

ጊታሩ መጣ። እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ። አሁን ደግሞ ኪቦርዱ ጠፋ።

ገባኝ። ጊታሩ የተቀዳው በግራው፣ ኪቦርዱ በቀኙ ማዳመጫ ነው፤ የግራ ጆሮዬ ጥሎኝ ሄዷል።

«ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?»

«ሰላም ስልዎት ሁልጊዜ ቀኝ ጆሮዎን ነው የሚያዞሩልኝ፤ በግራዎ ከጠራሁዎት አይዞሩም። መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ አምቼዎታለሁ።»

«ታዲያ ለአዘጋጆቹ ለምን አልነገርሽም?»

ገመድ መጠቅለል ጀመረች። «ከጆሮዎ ሌላ ምን አለዎት?» አለች፣ ቀስ ብላ።

በልቤ «ጌታ ሆይ፣ እስካሁን ስላሰማኸኝ ተመስገን» አልኩና እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ጻፍኩ፦ «ባለፈው ጊታሩ ነበረ። ያልነበረው የግራ ጆሮዬ ነው። ባለሙያዋን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

በትከሻዬ ላይ አሻግራ አነበበችው።

«እብድ ነህ እንዴ? አምድህን ይነጥቁሃል እኮ!»

«እርስዎ» መባሌ የት እንደገባ እንጃ።

«ይንጠቁኝ» አልኳት። «አንቺን ከማስወጣ እኔ ልውጣ።»

እንዳለችውም ሆነ። ጽሑፉ ወጣ፤ የእሷ ማስጠንቀቂያ ተሰረዘ፤ አምዱም ለሌላ ተሰጠ። አለቃዬ ሲያሰናብተኝ ጨዋ ነበር፤ ጨዋነቱ ይበልጥ አደከመኝ።

የሚቀጥለው ፌስቲቫል ሲደርስ ያለ ማስታወሻ ደብተር፣ እጄን አጣጥፌ ሄድኩ። እንደ ልማዴ በሚክሰሩ ቀኝ በኩል ልቀመጥ ስል ወንበሬ የለም። በግራዋ አስቀምጣዋለች።

«ምነው፣ ከቦታዬም ተነሣሁ?»

«እዚህ ስትሆን በቀኝህ እውላለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። «አራት ዓመት ያጠራቀምኩት ወሬ አለኝ፤ አንዲቷም እንድታመልጥህ አልፈልግም።»

ተቀመጥኩ።