ክዳን ላይ የተጻፈው

አስከሬኑን ያገኘው የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ ነው፤ ገዳይ የተባለውም እሱ ነው። በሁለቱ መካከል አርባ ደቂቃ እንኳ አላለፈም።

የሃያ ሁለት ዓመቷ የባዮሎጂ ተማሪ በምርምር ሕንፃው ምድር ቤት፣ ናሙና በሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ወለል ላይ በጎኗ ተኝታ ነበር። ጓንቷ እጇ ላይ ነው፤ ሰውነቷ ላይ ጭረት የለም። ሐኪሙ «አየር አጥሯት ነው» አለ። ከመደርደሪያው ሥር ትናንት ሠላሳ ኪሎ ደረቅ በረዶ የመጣበት ሳጥን ባዶውን ተገልብጧል። ደረቅ በረዶ ቀልጦ ውሃ አይሆንም፤ ጋዝ ሆኖ ይተናል፤ ጋዙ ዝግ ክፍል ውስጥ ሲሞላ እስትንፋስ ይነጥቃል። የክፍሉ አየር ማስወጫ ደግሞ ጠፍቶ ነበር።

«በረዶውን የሚረከበው ማን ነው?» ብሎ ዲኑ ጠየቀ። ቴክኒሻኑ ነው። «ትናንት ኮሪደር ላይ የጮኸባትስ?» አሁንም ቴክኒሻኑ ነው። ሦስተኛ ጥያቄ አላስፈለገም። ፖሊስ ሳይደርስ የስንብት ደብዳቤው ተተየበ። ቴክኒሻኑ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። ኢሚግሬሽኖች በአሥር ሰዓት መጥተው እንዲወስዱት ተደወለላቸው። ድንበር ካለፈ በኋላ ገደለ አልገደለ ብሎ የሚጨነቅ የለም። አንቱታ ለሚገባው ነውና ዲኑን በዚህ ታሪክ ውስጥ አንቱ አንለውም።

መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። አምሳን የተሻገረች፣ አጭር፣ ቱግ ማለት የሚቀናት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ከጀርባዋ ነው እንጂ ፊቷ ላይ የሚደፍር የለም። የስንብት ደብዳቤውን አንብባ ቀና አለች።

«ማነው የፈረመው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዲኑ። «የተቋሙን ስም መጠበቅ ግዴታችን ነው።»

«ልጅቷ ገና ከወለሉ አልተነሳችም። እናንተ ስም ትጠብቃላችሁ።»

ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ወረደች። ቴክኒሻኑ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንዲት ፎጣ ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ መልሶ ያጥፋል። አርባዎቹን ያጋመሰ ግዙፍ ሰው ነው።

«ለምን ጮሁባት?» አለችው።

«እርስዎ» ሲባል ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ስለሆነ ትንሽ ደንገጥ አለ። «ብቻሽን እዚያ ክፍል አትግቢ አልኳት። ስንቴ ልንገራት? እሷ ትስቃለች። ‹ጋሼ፣ ከእናቴ ባስክብኝ› አለችኝ። ተናደድኩና ጮህኩባት። እንደተቆጣኋት ተለያየን።»

«ለምን ብቻዋን አትግባ?»

«አምና እኔ ራሴ ወድቄ ነበር። ትንሽ በረዶ ውስጥ ረስቼ ነው፤ አየር ማስወጫው ደግሞ ተበላሽቶ ነበር። ማስጠንቀቂያ ደወል ይገጠምልን ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ።»

«ለማን?»

«ለፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ ለፕሮፌሰሩ። ‹አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም› የሚል መልስ መጣ። ወረቀቶቹ አሉኝ።»

«ትናንት በረዶውን የት ተዉት?»

«ኮሪደር ላይ ነዋ፣ አየር ባለበት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ሄድኩ። ቀዝቃዛው ክፍል ተቆልፏል። ቁልፉ አራት ነው፤ የኔ፣ የሷ፣ የፕሮፌሰሩ፣ አንዱን ደግሞ ሁለቱ ልጆች በጋራ ይይዙታል። እሷ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች። እኔ በሁለት።»

ሁለቱ ልጆች የሟቿ ጓደኞች ናቸው። ሦስቱ ከሦስት ትምህርት ክፍል ተውጣጥተው አንድ ጥያቄ ይዘው ነበር፤ በከተማው ዳር ባሉት የመንግሥት ኪራይ ቤቶች የሚያድጉ የስደተኛ ልጆች ደረታቸው ለምን ይታመማል? ሟቿ የቤቶቹን ግድግዳ እየፋቀች የምታገኘውን ታሳድግ ስለነበር «ሻጋታ» ይሏታል። የቤት ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ልጅ ፍቅርንም ቢሆን በካሬ ሜትር ካልለካ አይገባውምና «ካሬ» ነው። የስደት ፖለቲካ የምታጠናዋ «ድንበር» ናት። የፕሮጀክታቸው ኃላፊ የቤት ኢኮኖሚክሱ ፕሮፌሰር ነው። ይህ ሰው ከዓመታት በፊት ባወጣው ጥናት፣ ሻጋታውን ተከራዮቹ ያመጡታል፣ ተጨናንቀው ይኖራሉ፣ መስኮት አይከፍቱም ብሎ ደመደመ። ከተማውም ደስ ብሎት ደንብ አወጣ፤ ግድግዳው የሻገተበት ቤተሰብ ቤቱን ይለቃል። ፕሮፌሰሩ የከተማው አማካሪ ሆነ። የተባረሩት ምን እንደሆኑ የጻፈ የለም።

መርማሪዋ ፕሮፌሰሩን ቢሮው አገኘችው። በሐዘን ሳይሆን በጨዋነት ነበር የተቀበላት።

«ትናንት መጥታ ነበር» አለ። «ነገ የተማሪዎች ምርምር ይቀርባል፣ ልታማክረኝ ነው። ጎበዝ ልጅ ነበረች። ውጤቷ የእኔን ጥናት ያረጋግጣል፤ ሻጋታውን ያሳደገችባቸውን ሳህኖች ይመልከቷቸው። ሰው ያለባቸው ቤቶች ሻግተዋል፣ ባዶዎቹ ንጹህ ናቸው።»

«ቤቶቹን ገብተው አይተዋቸዋል?»

«የእኔ ሥራ ከመረጃ ጋር ነው። የከተማው ዝርዝር በየዓመቱ ይደርሰኛል።»

«ሻጋታው እንደገና ቢፋቅስ? ለማረጋገጥ ያህል።»

«ባዶዎቹ ከነገ ወዲያ ቀለም ይቀባሉ። የሚፋቅ አይኖርም።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች፤ ደረጃው ላይ ግን ጥርሷን ነክሳ ነበር። ቴክኒሻኑን ጠርታ ሳህኖቹን ያሳዩኝ አለችው። ናሙና በሙቀት በሚያድግበት ሳጥን፣ በኢንኩቤተሩ ውስጥ፣ ሻጋታ የሚያድግባቸው ክብና ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሳህኖች በሁለት መደርደሪያ ተደርድረዋል። ላይኛው ላይ «ሰው ያለባቸው»፣ ታችኛው ላይ «ባዶ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የላይኞቹ አሥሩ በአረንጓዴና በጥቁር ሻጋታ ተሸፍነዋል። የታችኞቹ አሥሩ ምንም የለባቸውም።

ቴክኒሻኑ አንዱን ከታችኛው አነሳና ገለበጠው። ሌላ ደገመ። ሦስተኛውን አንስቶ አሸተተው።

«ይሄ የሷ ሥራ አይደለም።»

«ለምን?»

«የቤቱ ቁጥር ክዳኑ ላይ ነው የተጻፈው። ሳህን ሥሩ ላይ ነው የሚጻፍበት፤ ሻጋታው የሚበቅለው እዚያ ነዋ። ክዳን ይወድቃል፣ ከሌላው ይቀያየራል። እዚህ ቤት ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው ይሄን ነው። የላይኞቹን ይዩ፣ ሁሉም ከሥር ነው የተጻፈባቸው። ደግሞ ሠላሳ ነበሩ፤ ሃያው የሃያ ቤት፣ ሁሉም የሻገቱ፣ አሥሩ ምንም ያልተቀባባቸው፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚቀመጡ። አሁን ሃያ ናቸው። መደርደሪያው ላይ ያሉት ወረቀቶችም ትናንት አልነበሩም።»

«ታዲያ እነዚህ ንጹሖቹ…»

«ማነጻጸሪያዎቹ ናቸው። የቀድሞ ጽሑፋቸው በአልኮል ተጠርጓል። ሽታው አለ።»

መርማሪዋ የላይኞቹን አሥር ቁጥሮች ማስታወሻዋ ላይ ገለበጠች። ከዚያ ሁለቱን ተማሪዎች አስጠራች።

ድንበር ዓይኗ አብጧል፣ ግን አታለቅስም፤ ተናዳለች። «ጋሼን አሰራችሁት አይደል?» አለች ገና ከበሩ። «ቀላል ነው። ሌላ ሰው ብትይዙ ጠበቃ ይመጣባችኋል።»

«ማንንም አላሰርኩም። ሳህኖቹን ነክተሻቸው ታውቂያለሽ?»

«አንዴ ረዳኋት። ክዳን ላይ ጽፌባት ልትገድለኝ ደርሳ ነበር…» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አንተስ?» ካሬን ጠየቀችው።

«እኔ ሳህን አልነካም። እኔ በር ለበር እየዞርኩ ማን የት እንደሚኖር፣ በስንት ካሬ እንደሚኖር ነው የምመዘግበው።» መዝገቡን ሰጣትና መሬት መሬት አየ። «ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ልንገርዎት። ፕሮፌሰሩ በከተማው ቤቶች ቢሮ ሥራ አግኝቶልኛል። ደብዳቤው ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ።»

ድንበር ዞር ብላ አየችው። እንደዚያ የተያየ ጓደኛ ቶሎ አይታረቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በሴሚናር ክፍሉ ተሰበሰቡ። ሁለቱ የኢሚግሬሽን ሰዎች ከቀጠሮው ቀድመው መጥተው በሩ ሥር ቆመዋል። ቴክኒሻኑ ሌላ ወንበር ሞልቶ እያለ ለእነሱ ቅርብ የሆነው ላይ ተቀመጠ፤ ደክሞታል።

መርማሪዋ አልተቀመጠችም።

«አንድ ጥያቄ ለሁላችሁም» አለች። «አሥራ አራት ቁጥር ቤት ማን ይኖራል?»

«ይሄ ከግድያው ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለ ዲኑ።

«ይመልሱልኝ። እርስዎ ይጀምሩ፣ ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰሩ ከቦርሳው የከተማውን ዝርዝር አወጣና በጣቱ ወረደበት። «አምስት አባላት ያሉት የስደተኛ ቤተሰብ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዝርዝሩ ላይ አለ።»

«ካሬ?»

ልጁ ፕሮፌሰሩን አፍጥጦ እያየው ነበር። «ባዶ ነው» አለ። «ሁለት ሳምንት ሆነው። አልጋውን ያወረድነው እኛ ነን። እኔ ከላይ፣ ሻጋታ ከታች ይዛ። ደረጃው ጠባብ ነበር፣ ጣቷ ተላጠ።»

«ልክ ነው» አለች ድንበር። «እኔ ሕፃኗን ይዤ ነበር።»

«የማን አልጋ ነው?»

ማንም ሳይመልስ ቴክኒሻኑ ቀና አለ። «የኔ» አለ። «አሥራ አራት ቁጥር የኔ ቤት ነበር። ግድግዳው ሻገተና በደንቡ ተባረርን። አሁን የባለቤቴ እህት ዘንድ አምስታችንም አንድ ክፍል ነን።»

ፕሮፌሰሩ ዝርዝሩን አጠፈው። ለማጠፍ ግን ዘገየ።

«ሻጋታ ሃያ ቤት ፍቃለች» አለች መርማሪዋ። «ሰው ያለባቸውም፣ ባዶዎቹም ሻግተው አገኘቻቸው። በካሬ መዝገብ መሠረት ሰው ገብቶባቸው የማያውቁት ጭምር። ሻጋታውን ሰው አላመጣውም ማለት ነው፤ ሲገነባ ጀምሮ ግድግዳው ውስጥ ነበር። ይህ ነገ ሰው ፊት ይቀርብ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ትናንት ማታ ላይ የሻገቱትን የባዶ ቤት ሳህኖች ጣለ፣ የንጹሖቹን ማነጻጸሪያዎች ጽሑፍ በአልኮል ጠርጎ በቦታቸው የቤት ቁጥር ጻፈባቸው። ክዳናቸው ላይ ጻፈ። እዚህ ላብራቶሪ የሠራ ሰው እጁ አይታዘዝለትም። ቴክኒሻኑ ከጥርጣሬ ወጣ፤ ድንበርም ወጣች፣ ሻጋታ አንዴ ተቆጥታታለችና።»

«አውቆ አስመስሎ ቢሆንስ?» አለ ዲኑ። «ሊያሳስተን።»

«ከቤቱ ያስወጣውን ውሸት የምታጋልጥለትን ልጅ ይገድላል? ቤቱን ልትመልስለት የነበረችውን?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ጠዋት እንዲህ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ያንን ደብዳቤ አይፈርሙም ነበር።»

ዲኑ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ሳህኖቹ ላይ ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር አልተጻፈም። የትኛው ቤት ባዶ እንደሆነ ለማወቅ ወይ ቤቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ወይ ዝርዝር ማየት። ይህ ሰው አሥራ አራት ቁጥርን ሰው ካለባቸው ጋር አስቀመጠው። ካሬ እንዲህ አይሳሳትም፤ አልጋውን ተሸክሟል። ስለ ሥራው ጠርጥሬው ነበር፣ ግን ገዳዩ ቤቶቹን በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። አሥር ዓመት ሙሉ የጻፈባቸው፣ አንድ ቀን ደፋቸውን ያልረገጠ።» ሦስት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይህ ሦስተኛው የቴክኒሻኑ ማመልከቻ ነው። ‹ደረቅ በረዶ ውስጥ ቢቀርና አየር ማስወጫው ቢጠፋ፣ የገባ ሰው ወዲያው ይወድቃል› ይላል። ከግርጌው ፊርማዎ አለ፣ ፕሮፌሰር። ቁልፍ አለዎት፤ ማታ በረዶውን ከኮሪደር አስገብተው ማስወጫውን አጠፉ። ሰውየው ሕይወት አድኑ ብሎ የጻፈውን እርስዎ መግደያ አደረጉት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ። ሲናገር ድምፁ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ነበር።

«አንድ ዓመት ቆዪ ነው ያልኳት። አንድ ዓመት ብቻ። ደንቡ ቀስ ብሎ ይሻሻላል፣ ማንም ሳይዋረድ። ‹አንድ ዓመት ስንት ቤተሰብ ነው?› አለችኝ። እኔን። ያስተማርኳትን።»

«ስንት ነው?» አለች ድንበር።

አያውቀውም ነበር። ከመርማሪዋ ጋር የመጡት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ካሬ ከኪሱ የሥራ ደብዳቤውን አውጥቶ ለአራት ቀደደውና ጠረጴዛው ላይ ተወው፤ ማንም ግን ጎበዝ አላለውም።

ከኢሚግሬሽን ሰዎች አንዱ ሰዓቱን አየ። «ይቅርታ» አለ፣ «እኛ የደረሰን የስንብት ደብዳቤው ቅጂ ነው። እሱ እስካልተሻረ ድረስ ሰውየውን እንወስዳለን።»

መርማሪዋ ደብዳቤውን ከኪሷ አውጥታ ዲኑ ፊት አስቀመጠች። «ይሻሩት።»

«ጉዳዩን ኮሚቴ ማየት…»

«ጠዋት ኮሚቴ የት ነበር?»

ዲኑ እዚያው በእጁ ጻፈ። ጨርሶ ፈረመ፤ ወረቀቱን ለቴክኒሻኑ ሰጥቶ እጁንም ዘረጋለት። «አይዞህ» አለው፣ «በድንጋጤ ነው። ሁላችንም ተሳስተናል።»

ቴክኒሻኑ የተዘረጋውን እጅ አልጨበጠም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ድጋሚ አነበበው።

«ማኅተም የለውም» አለ።

«ጸሐፊዋ ወጥታለች። ነገ ጠዋት…»

«እነዚህ ሰዎች ዛሬ ነው የመጡት።»

ዲኑ በሩ ሥር የቆሙትን ሁለቱን አየ፣ መርማሪዋን አየ። ከዚያ ማኅተሙን ፍለጋ ደረጃውን መውጣት ጀመረ፤ ቴክኒሻኑም ወረቀቱን ይዞ ከኋላው ተከተለው።