ከአረንጓዴው ምልክት ሥር

ልጆቼ፣ ጋዲሴ የሞተችው ደም አጥታ አይደለም፤ ደም ተሰጥቷት ነው። ቃሊቲ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ሴት ልጅ ወልዳ ብዙ ደም በፈሰሳት ማግስት፣ የተለገሰላት ደም በክንዷ እየገባ ሳለ ብርድ ብርድ አላት፤ ተንቀጠቀጠች፤ ሳይመሽ አረፈች።

ኢንስፔክተር ሰሀር ስትደርስ የላቦራቶሪ ሠራተኛው ሉቃስ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሞ ነበር። ክሊኒኩ የተለገሰ ደምን በመብራት ከጀርም የሚያጸዳ መሣሪያ አለው፤ የሚያሠራውም እሱ ነው። ለጋዲሴ በተሰጠው የደም ከረጢት ውስጥ ጀርም ስለተገኘ ሊታሰር ነው።

«ሳታጸዳ ላክኸው?»

«አጽድቼዋለሁ ኢንስፔክተር! መብራቱ ሲጨርስ ነው አረንጓዴውን ምልክት የምለጥፈው። ይኸው እኮ!»

መሣሪያው የመዘገበውን አየች፤ መብራቱ ሙሉ ሰዓቱን በርቷል። ከዚያ ባዶውን ከረጢት ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ሰፊ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ፣ «የጋዲሴ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

ኮሪደሩ ላይ የጋዲሴ ባል ጃለታ ከነፋብሪካ ልብሱ ተቀምጧል። ደሙን የሰጠው እሱ ነው።

«ወንድሜ፣ ጉንጭህን ምን ነካው?»

«ጥርስ ነው። አስነቅዬው አመረቀዘ።»

«ደም ከመስጠትህ በፊት?»

ጉንጩን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሲጠይቁህ ነገርካቸው?»

«ብናገር ይመልሱኝ ነበር! ታዲያ ማን ይስጥላት?»

ሰሀር ሉቃስን፣ ጃለታንና ነርሷን ዳሲቱን አንድ ክፍል ሰበሰበች።

«እዩት» አለች ከረጢቱን ከፍ አድርጋ። «አረንጓዴው ምልክት ጠርዙን ታጥፎ ጀርባው ላይ ደርሷል። ጫፉ የተለጠፈው በፕላስተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ፕላስተሩ መብራቱ ሲበራ እዚሁ ነበር፤ ብርሃኑን ከልክሎታል። ጀርሙ ደግሞ ከጥርሱ ነው የመጣው። ሲስተር፣ ፕላስተር የሚያዘው በማን እጅ ነው?»

ዳሲቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ጃለታ የኔ ደም ለሌላ እንዳይሄድ፣ ለሷም የማላውቀው ሰው ደም እንዳይገባ ብሎ ለመነኝ። አሳዘነኝ። እሱ ጻፈ፣ እኔ ለጠፍኩ።»

ሉቃስን ለቀቁት፤ እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። «ገልብጬ አላየሁትም» አለ። «ወረፋ ነበር።»

ጃለታ የተጠቀለለ እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ኢንስፔክተር፣ የማላውቀው ሰው ደም ቢሆን ኖሮ ትተርፍልኝ ነበር?»

ሰሀር መልሱን ታውቀው ነበር። ከረጢቱን አጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ከግድግዳው ወዲያ ስም ያልወጣላት ሕፃን ታለቅስ ነበር፤ ተነሥቶ ወደ እሷ የሄደ ግን የለም።