የተሰጠ ዓይን

ታላቁ ሠዓሊ አለቃ ዳምጤ በሞት አልጋው ላይ ሳለ፣ «ጎዶሎ አድርገን የሳልነው ጎዶሎውን ሊሞላ ይመጣል» ብሎ ተናገረ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ቃሉን ሰምተዋል፤ ልብ ያለው ግን አንድም አልነበረም። «ሽማግሌው ቃዠ» አሉና በክብር ቀበሩት። አዬ የሐመልማ ሰው! ቀብሮ በመርሳት ማን ይችለዋል!

ዓመታት አለፉ። በአንድ የዘመን መለወጫ ማለዳ የቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት በር ተገንጥሎ፣ የዝግባው ሣጥን ባዶውን ተገኘ። መጽሐፈ ገጽ ተሰርቋል።

መጽሐፈ ገጽ የሐመልማ መንግሥት ነፍስ ነበር። እንደ ሰንሱል መጽሐፍ እየተጣጠፈ የሚዘጋ፣ ቢዘረጉት አደባባዩን የሚሞላ ብራና ነው። በሐመልማ የተወለደ ሁሉ ፊቱ በዚያ ላይ ይሳላል፤ እንደተሳለውም በሰው ልብ ይኖራል። ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ክፉ ሰው በጎኑ ዞሮ፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። በአንድ ዓይን የቀረን ሰው ማንም አይወደውም፤ ወላጅ እናቱ እንኳ ትጸየፈዋለች። ሕጉ ይኸው ነበር፤ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀም የለም።

ሌባው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም። በዓመድ ተራራ ላይ የሚኖር፣ ሕዝቡ ጎዶሎው የሚለው፣ ግማሽ ፊት ብቻ ያለው ፍጡር ነበር። በዚያው ማለዳ የሐመልማ ሰዎች አንድ ዓይናቸው እንደ ወተት ነጥቶ ይነሡ ጀመር። ጎዶሎው መጽሐፉን ዘርግቶ የተሳሉትን ዓይኖች በካራ እየፋቀ ነበር። አንዱ የተፋቀበት ግማሽ ዕውር ይሆናል፤ የተነጠቀ ዓይን ግን ገና የባለቤቱ ነውና ሰው አይጠላውም። ሁለቱም የተፋቁበት ትንፋሹ አብሮ ይሄዳል።

አንድ ዓይናቸው ከተፋቀባቸው አንዷ ማሪቱ ነበረች። ይህች ማሪቱ እናት አባት በሌሉበት ታናሽ እህቷን ቀጸላን ያሳደገች፣ ሠዓሊ እንድትሆንም ቀይ አፈር በመጅ ስትፈጭ ጣቶቿ ቀልተው የቀሩ ሴት ናት። የሌላው ተማሪ ቀለም ከብራናው ላይ ሲረግፍ የቀጸላ አይረግፍም ነበር። አለቃ ዳምጤ ምክንያቱን ሲነግራት፣ «የተነጠቀ ቀለም ይረግፋል፣ ልጄ። ወዶ የሰጠ እጅ የፈጨው ግን ይይዛል» ብሏት ያውቃል። ቀጸላ አድጋ የአገሩ ዕውቅ የመጽሐፍ ሠዓሊ ሆነች። ሌላው በገጹ ኅዳግ ላይ የሐረግ ጌጥ ሲጥል እሷ ሽንኩርት ቸርቻሪ፣ የምትራገጥ በቅሎ፣ ጥርሱን የሚፍቅ ዘበኛ ትስል ነበር። ሊቃውንቱ ያጉረመርማሉ፤ ሕዝቡ ግን ራሱን ሊፈልግ ይጋፋል።

«እትዬ፣ አታልቅሺ» አለቻት ቀጸላ ያን ማለዳ።

«እኔ መች አለቀስኩ? ዓይኔ ነው በራሱ ጊዜ የሚፈሰው» አለች ማሪቱ በደህናው ዓይኗ እያየቻት። «ይልቅ ቀለምሽን በጥብጬልሻለሁ፤ ሳይደርቅ ተጠቀሚበት።»

ቀጸላ ወጥታ ከበሩ ኋላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ያቺ አንድ ዓይን ከጠፋች በዚህ ዓለም ላይ ሰው የላትም።

ንጉሥ ወሰንሰገድ አስጠራት። ከዙፋኑ ፊት ቆሞ፣ «ቀጸላ ሆይ! ሠራዊቴ ሄዶ አልተመለሰም። ከእንግዲህ ያለኝ ያንቺ ብርዕ ነው። ሂጂና ያንን ርጉም እንደ ሕጉ በአንድ ዓይን ደግመሽ ሳይው፤ በደረቱም ላይ ጦር ሳይበት። በመጽሐፉ የተወጋ በሥጋው ይወጋልና!» አላት።

«ጃንሆይ» አለች ቀጸላ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ «የእህቴን ዓይን ሳልመልስ የሐመልማን ደጅ ብረግጥ፣ የመምህሬ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

ሁለት ሰዎች አብረዋት ወጡ። አንዱ ፉከራው ከቁመቱ የሚረዝመው፣ የማሪቱን ዓይን አስመልሳለሁ ብሎ የፎከረው ባላምባራስ ጓንጉል ነበር። ሌላው አያ ደርሰህ፣ ከእናቱ ሆድ ዓይነ ስውር ሆኖ የወጣው ብራና ፋቂ ነው። «ዕውር ምን ሊያደርግልን?» ሲሉት፣ «በዓመድ ተራራ ጉም ውስጥ የእናንተስ ዓይን ምን ሊያደርግላችሁ ነው? ያንን ብራና የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ ሽታውን የትም አውቀዋለሁ» አላቸው።

መንገዱ ክፉ ነበር። በተጓዙ ቁጥር ሣሩ ዓመድ እየመሰለ፣ ሰማዩ እየገረጣ ሄደ። ጓንጉል መንገዱን ሁሉ፣ «እኔ የጓንጉል ዘር! ነብር በጥፊ!» እያለ ያስተጋባል።

«ባላምባራስ» ይለዋል አያ ደርሰህ፣ «ትንሽ ቆጥበው እንጂ፤ ጠላት ሳይደርሰው አለቀ እኮ።»

ከጠባቡ ገደል ሲደርሱ ቀለም ላሾች ወጡባቸው። ጅብ የሚያካክሉ፣ ምላሳቸው የነካውን ሁሉ የሚያገረጡ አውሬዎች ናቸው። የጓንጉል ቀይ ጋሻ አንዴ ሲልሱት ዓመድ ሆነ። ቀጸላ አንድም የቀለም ቀንድ ሳታድን ሁሉንም ላሱባት፤ የማሪቱን ቀይ አፈር ጭምር። ጓንጉል የገደሉን አፍ በሰውነቱ ዘጋ።

«ሂዱ!» አለ። ደሙ ሲፈስ ቀለም አልነበረውም። «ለእመቤት ማሪቱ በሉልኝ… ጓንጉል የፎከረውን ፈጸመ በሉልኝ!»

ቀጸላ ልትመለስ ስትል አያ ደርሰህ በክንዷ ጎተታት። ድምፁ ከኋላቸው ለረዥም ጊዜ ተሰማቸው፤ ከዚያ ጸጥ አለ። አያ ደርሰህ በባላምባራስ ስለቀለደ አፍሮ፣ ተራራውን አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ጉሙ ውስጥ እሱ ፊት ፊት እየሄደ፣ እያሸተተ፣ ወደ አንድ ዋሻ አገባት። ጎዶሎው በዚያ ነበር። በተዘረጋው መጽሐፍ መካከል ተቀምጧል፤ የፊቱ ግራ ጎን እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው። ቀጸላ ገና ስታየው ፊቷን አዞረች። በሕይወቷ እንዲህ የጠላችው ነገር የለም። የሱን ገጽ አገኘችና፣ ከብርዕዋ ጫፍ ላይ በደረቀች የመጨረሻ ጥቁር ቀለም በደረቱ ላይ ጦር ሳለች።

ቀለሙ ወዲያው ረግፎ ወደቀ። ጎዶሎው ሳቀ።

«የወንድሜ መልእክተኞች ሁሉ ይህንኑ ይሞክራሉ። የተሳለብኝ ጦር ያበረታኛል እንጂ አይገድለኝም። ይልቅ ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ? አንዱን ዓይኗን ሞከርኩት፤ አልያዘልኝም። ሁለተኛው ይይዝ ይሆናል።»

ካራውን ያሳረፈው በማሪቱ ገጽ ላይ ነበር።

«ተው!» ብላ ጮኸች ቀጸላ። «ስለ ፈጠረህ ተው!»

«ቀጸላ» አለ አያ ደርሰህ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ሰውዬ እያለቀሰ ነው።»

«ሰው አይደለም! አታየውም እንዴ?»

«አላየውም። ለዚህ ይሆናል፤ እኔ የሚሰማኝ የሽማግሌ ልቅሶ ብቻ ነው።»

ካራው ቆመ። ለረዥም ዘመን ሰውዬ ብሎ የጠራው አልነበረምና ጎዶሎው ካራውን አስቀመጠ።

«መርዕድ ነበር ስሜ» አለ። «ልዑል መርዕድ። ወንድሜ ወሰንሰገድ ዙፋኔን ይነጥቀኛል ብሎ ፈራና ሠዓሊውን አዘዘው። ሳልበድል በአንድ ዓይን ተሳልኩ። በማግስቱ እናቴ በሯን ዘጋችብኝ። ከውስጥ መቀርቀሪያውን ስትስብ ሰማኋት! ፊቴን ልሞላ ነው የምፈልገው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። የፋቅሁት ዓይን ሁሉ ግን ይረግፋል!»

ቀጸላ ገጹን አነሣችና ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። ሠዓሊ ናትና ሌላው የማያየውን አየች። ከቀለሙ በታች፣ አለቃ ዳምጤ ንድፉን በደረቅ ወስፌ ሲጭር የቀረው መስመር አለ። መጀመሪያ የነደፈው ፊት ወደ ፊት ያያል፤ ሁለት ዓይን አለው። መምህሯ እውነቱን ነድፎ፣ በላዩ ላይ ሐሰቱን ቀብቶበታል። በሞት አልጋው ላይ ያቃዠው ይህ ነበር።

የተነጠቀ ይረግፋል፤ የተሰጠ ይይዛል። በመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ለመስጠት ሥልጣን ያላት በአንድ ፊት ላይ ብቻ ነው፣ በራሷ።

«አያ ደርሰህ» አለች፣ «ዓይኔን ልሰጠው ነው።»

አያ ደርሰህ ደነገጠ። «ምን እንደምትሆኚ ታውቂያለሽ? ወዶ ሰጥቶ በአንድ ዓይን የቀረ ሰው… ማሪቱ እኮ…»

«አውቃለሁ። እትዬም በሯን ትዘጋብኛለች።» እጁን ያዘች። «ፈራሁ፣ አያ ደርሰህ። በጣም ፈራሁ።»

«የእኔን እሰጥልሽ ነበር፣ የኔ ልጅ። ምን ይሁን፣ ዳምጤ ዓይኔን አስጨፍኖ ነው የሳለኝ።»

ቀጸላ የራሷን ገጽ ፈልጋ አገኘች። መፋቂያዋን አወጣችና የግራ ዓይኗን ከብራናው ላይ ፋቀች። ጩኸቷ ዋሻውን ሞላው፤ የዓለም ግማሹ ጨለመባት። የቀለሙን ፍቅፋቂ በምራቋ አርሳ ብርዕዋን ነከረች። ነገር ግን እጇ እምቢ አላት! ያንን ፊት ባየች ቁጥር ጥላቻው እንደ ትውከት ይመጣባታል፤ ብርዑ ወደ ጎን ይሸሻል። አንዴ ሞከረች፣ ደገመች፣ አልሆነም። ቀለሙ እየደረቀ ነው።

ያኔ የቀረውን ዓይኗን ጨፈነች። በግራ ጣቷ የመምህሯን የወስፌ ጭረት እየዳሰሰች፣ በቀኟ እየተከተለች፣ ጥላቻው በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ ዓይኑን ሳለችለት።

ቀለሙ ያዘ።

ዓይኗን ስትገልጥ፣ በፊቷ የተቀመጠው ጎዶሎው አልነበረም። ሁለት ዓይኖቹ በእንባ የተሞሉ፣ የደከመ ሽማግሌ ነው። የፋቃቸውን ዓይኖች ያጠራቀመበትን ቀንድ በሁለት እጁ ያዘና፣ «ወድጄ እሰጣለሁ» አላት። ቀጸላ የእያንዳንዱን ዓይን ቀለም ወደ ገጹ መለሰች። ከሁሉ አስቀድማ የማሪቱን መለሰች። ስትጨርስ ሽማግሌው ትንፋሹ እያጠረ በአያ ደርሰህ ክንድ ላይ ተንጋልሎ ነበር።

«እናቴ… በሯን ትከፍትልኝ ይሆን?»

«ከፍታ እየጠበቀችዎት ነው» አለ አያ ደርሰህ። «ይግቡ፣ ልዑል።»

ገባ።

ወደ ሐመልማ ሲመለሱ ነጋሪት ተጎሰመ፣ ዕልልታው ሰማይ ነካ። ሕዝቡ መጽሐፉን አየ፤ ከዚያ የተሸከመችውን አየ። ዕልልታው ቆመ። አንዱ ድንጋይ አነሣ። ማሪቱ በሁለት ዓይኖቿ እያየች፣ ሕዝቡን እየገፋች ሮጣ መጣችና ከቀጸላ ፊት ስትደርስ ድርቅ አለች።

«እትዬ» አለች ቀጸላ፣ «ዓይንሽ ደህና ነው?»

«ይቺ ማን ናት?» አለች ማሪቱ ወደ ኋላዋ እየሸሸች። «ወዲያ አርቁልኝ! አታስጠጉብኝ!»

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ቀጸላ መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማችው። አያ ደርሰህ እጇን ይዞ ከከተማው ውጭ ወደ ጎጆው ወሰዳት፤ መንገዱን ሙሉ ድንጋዩ ሁለቱንም መታቸው።

የሠዓሊነት ዘመኗ ግን በዚያ አላበቃም። ጎጆው ውስጥ ተቀምጣ እሱ በፋቀው ብራና ላይ ሠላሳ ያህል መጻሕፍት ሣለች፤ ስሟን አልጻፈችባቸውም። አያ ደርሰህ ገበያ ያወጣቸዋል፣ ሰዉ ይሻማባቸዋል። ዛሬ በየቤታችሁ ሽንኩርት ቸርቻሪና የምትራገጥ በቅሎ ያለበት መጽሐፍ ካለ የማን እጅ እንደሆነ እወቁ። ንጉሡማ? ንጉሡ በሁለት ዓይኑ ተስሎ ነዋ የኖረው! አልቅሰው ነው የቀበሩት።

እናንተም መጽሐፉ በወጣ ቁጥር በአንድ ዓይኗ የቀረችውን ሴት ገጽ ስታዩ እንትፍ ትላላችሁ፤ ሰምቻችኋለሁ። እኔ ገጹን አይቼው አላውቅም። እንደ አያ ደርሰህ ዓይነ ስውር ሆኜ የተወለድኩ ነኝ፤ ታሪኩን ከአፉ ነው የሰማሁት። ለዚህ ነው ልነግራችሁ የቻልኩት።

ማሪቱ እስክትሞት ድረስ ቀይ አፈር መፍጨቷን አልተወችም። ፈጭታ፣ በቅል አድርጋ፣ ከአጥሯ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ታስቀምጠው ነበር። አያ ደርሰህ ሲመሽ መጥቶ ይወስደዋል። ጎረቤቶቿ «ለማን ነው?» ሲሏት ቀይ ጣቶቿን ታያለች።

«እንጃ» ትል ነበር በመጨረሻ። «እጄ ለምዶ ነው።»