አባቴ ይሙት

«ቅዳሜ አንድም ሰው እንዳይቀር» አሉ የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሼ ገብረ ኪዳን።

ሰገነት ጥቁር ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ነበር። የመሠረተ ትምህርቱ ተማሪዎች ገና መበተናቸው ነው፤ የሣር ክዳን ካለው ዳስ ውጪ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል።

«ፈተና አይደል? ሁሉም ይምጣ። አንቺ የተሰቀለውን ቸርኬ ደውዪ፣ ቁጭ አድርጊያቸው። እኔ እስክመጣ ማንንም እንዳትለቂ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች። ለፈተና ሊቀመንበር ምን ይሠራል ብላ ግን ዞር አለች። እሳቸው አላዩአትም። ዐይናቸው በክረምቱ ጎርፍ ደፍርሶ ቡናማ በሆነው ሐይቅ ላይ ነበር።

«በተለይ አምሐ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጨርቁን የያዘው እጇ ሰሌዳው ላይ ቆመ። የብሔራዊ ውትድርና አዲስ ዙር መጥራቱን ሰምታለች። ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ከዘጌ እስከዚህ ቀበሌ ድረስ ጎረምሳ የሚባል ፍጥረት ቀን ቀን ከሜዳ ጠፍቶ ከርሟል። ዳሱ ግን ትምህርት ቤት ነው። ዳሱን ከዚህ ጋር አያይዛው አታውቅም።

ጋሼ ገብረ ኪዳን ሳይጋበዙ ግንድ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ነገሩን ዘረገፉት። ከቀበሌው የተጠየቀው ሦስት ወጣት ነው። ሁለቱ ተገኝተው ሄደዋል። ሦስተኛው ቅዳሜ ጀልባው ሲመጣ ካልተገኘ ከራስህ ቤት አንድ አለልህ ብለዋቸዋል የወረዳ ሰዎች። ልጃቸው መርስዔ ኀዘን ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ግን እንደ ባሕር ዛፍ ተመዟል። ዕድሜውን ማን ይጠይቅለታል? ይህን ሁሉ ሲናገሩ እንደ አዛዥ ሳይሆን እንደ ለማኝ ነበር። ሲነሡ ግን ካኪ ኮታቸውን ቆለፉና መልሰው ሊቀመንበር ሆኑ።

«ወሬው ቢወጣ ካንቺ ነው የምለው። የምስክር ወረቀትሽን የምፈርም እኔ ነኝ። ደግሞ የእናት አገር ጥሪ ያደናቀፈ ምን እንደሚሆን አንቺ የተማርሽው ታውቂዋለሽ።»

ያለ ምስክር ወረቀቱ አሥራ አንደኛ ክፍል መመዝገብ የለም። ሰገነት ወደዚህ የመጣችው በዚያ ምክንያት እንጂ ወድዳ አልነበረም። አባቷ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ናቸው፤ ከድሬዳዋ ተዛውረው ከመጡ ሦስት ዓመት አልሞላም። በዚህ ክረምት ተማሪዎቹ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመደቡ ለእሷ በጀልባ ብቻ የሚደረስ ቀበሌ ደረሳት። ወደቡ ላይ ጓደኞቿ እያዩ አለቀሰች።

የሚያሳፍራት ደግሞ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በክፍል ክርክር ወጣት ሁሉ አገሩን የማገልገል ግዴታ ይኑርበት አይኑርበት ተብሎ ሲጠየቅ ለግዴታው የተከራከረችው እሷ ነበረች። ጠረጴዛ መታች። ተጨበጨበላት። ያን ጊዜ ግዴታ ማለት ጥሩ ቃል ነበር፤ ፊት አልነበረውም።

የሚገርመው ሥራውን ወደደችው። ሴቶቹ እርሳስ አያያዝ ሲለማመዱ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ጨብጠው ሲስቁ፣ መርስዔ ኀዘን ከኋላ ተቀምጦ «የኔታ፣ ይቺ ፊደል ሆዷ ተነፍቷል፣ ምን አብልተዋት ነው?» እያለ እንደ ደብተራ ድምፁን ሲያወፍር፣ ሳምንቱ ሳታውቀው ያልቃል። እንግዲህ በግድ የመጣ ነገር ሁሉ ክፉ ነው ማለትም አትችልም። ይኸው ነው ዛሬ ጭንቅላቷን የሚያዞራት።

አምሐን ወደ ዳሱ ያመጣችው እሷ ናት። የምታድረው በእናቱ በየሺመቤት ቤት ነው። ታላቅ ወንድሙ ክንዱ በታንኳ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ እንደወጣ ታፍሶ ቀርቷል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አለ የሚል ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ አምሐ ቀን ቀን ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ለእራት ይመጣል። ሰገነት በመጀመሪያው ሳምንት ፊደል ቁጠር ስትለው ሳቀባት።

«አንቺንም እንደ ክንዱ አፍሰው አይደል ያመጡሽ?»

«እኔ ላስተምር ነው የመጣሁት።»

«ወድደሽ ነው?»

የፊደል ገበታውን ፊቱ ዘረጋችለት። በየቀኑ ጎተጎተችው። እናቱ ግን ሰው ወደሚሰበሰብበት ልጃቸውን መስደድ ፈሩ፤ ሰገነትን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳሱ ውስጥ ማንም እንደማይነካው ማይልኝ አሏት።

«አባቴ ይሙት» አለች ወዲያው።

ትምህርት ቤት ይህ መሐላ እንደ ማስቲካ ነው። እርሳስ አልወሰድኩም ለማለት አባቴ ይሙት፣ ትናንት ከክፍል አልፎረፍኩም ለማለት አባቴ ይሙት፤ ማንም ዞር ብሎ አይሰማውም። የሺመቤት ግን ሰምተዋል። ፊታቸው ተለወጠ፤ ጉንጯን ስመው «በቃኝ፣ ልጄ» አሉ። በማግስቱ አምሐ ጸጉሩን ታጥቦ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጦ ተገኘ።

ሊቀመንበሩ ባናገሯት ማታ የሺመቤት የዓሣ ወጥ ሠርተው ጠበቋት። ሣጥን ከፍተው የክንዱን ሸሚዝ አውጥተው ነበር፤ አምሐ ለፈተና እንዲለብሰው እጅጌውን ያሳጥራሉ።

«ፈተናውን ካለፈ ወረቀት ይሰጡታል አይደል?» አሉ መርፌውን ሳያቆሙ። «ወረቀት ያለውን ልጅ አይወስዱም ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

ሰገነት ገና እያኘከች ነበር። አላውቅም ለማለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳል ነበር። ሴትዮዋ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት፣ ውሃ ሰጧት፣ ዓሣ በጥንቃቄ ነው የሚበላ ብለው እንደ ሕፃን አጥንቱን እየለቀሙ ያጎርሷት ጀመር። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። በአጥንቱ አሳበበች።

ዝም ብትልስ? ቅዳሜ ቸርኬውን ትመታለች። ሕዝቡ ይመጣል፤ ያልመጣ ከኅብረት ሱቁ ጨው አያገኝም። አምሐ በወንድሙ ሸሚዝ ይቀመጣል። ከዚያ እሷ ከተማ ገብታ፣ ተመዝግባ፣ አዲስ ደብተር ትሸፍናለች። አሞኛል ብላ ባትደውልስ? ሊቀመንበሩ ራሳቸው ይደውሉታል። ብረት ማን እንደመታው አይናገርም። ለአምሐ ብትነግረውስ? መርስዔ ኀዘን ይሄዳል። በየትኛውም በኩል ብታስበው ከመጨረሻው ላይ አንድ ሰው ይጎድላል።

ዓርብ ጠዋት ካፊያው ሳያባራ ወደ ባሕሩ ወረደች። አምሐ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለአዲስ ታንኳ ደንገል ያጭድ ነበር። ያረጀው ታንኳው ዳር ላይ ተጎትቶ ወጥቷል።

«ነገ አትምጣ» አለችው።

«ፈተና አይደል?»

«ጀልባ ይመጣል። ሊቀመንበሩ ነገሩኝ። ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ሊይዙህ ነው።»

ማጨዱን አላቆመም። አንድ እቅፍ ደንገል ቆርጦ፣ አስሮ፣ ወደ ዳር ወረወረ። «ስንት ሰው ነው የጎደላቸው?»

«አንድ።»

«እኔ ከጠፋሁስ ማንን ይወስዳሉ?»

ልትዋሽው ፈለገች። «መርስዔን» አለች።

ማጭዱ ወረደ። «ያን ቀልደኛ?» አለና ያለ ደስታ ሳቀ። «እሱ እኮ ጠላት ቢመጣበት ስም ያወጣለታል እንጂ አይተኩስበት።» ማጭዱን ውሃው ውስጥ አለቀለቀ። ዝናቡ ውሃውን ሲወጋው ይሰማል። «እንግዲያው እመጣለሁ» አለ። «ደከመኝም። ሰው ስንት ዓመት እንደ ዳክዬ ደንገል ውስጥ ይኖራል?»

«አትመጣም። ለእናትህ ምዬላቸዋለሁ።»

«በማን ነበር የማልሽው?»

«በአባቴ።»

«እኒያ መካኒኩ? እንግዲያው ለእኔ አይደለም የመጣሽው፤ እንዳይሞቱብሽ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀና መልሶ አስጨነቃቸው። ሰገነት ዳር የወጣውን ታንኳ አየችው። ጎኑ ተቦጫጭቋል፣ ወገቡ ረግቧል።

«ይኼ ሁለት ሰው ይችላል?»

አምሐ ጥያቄው ወዲያው ገባው። ጥቂት አሰበ። ማዶ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የእናቱ ወንድም መነኩሴ ናቸው፤ ነፋስ ካልተነሣ ሌሊቱን ቀዝፎ መድረስ ይቻላል። መርስዔም ከጠራው ይመጣል፤ ከልጅነት ጀምሮ አብረው ዓሣ አጥምደዋል። «አባቱስ?» አለ። «ሦስተኛውን አጣሁ ሲሉ ማን ይምራቸዋል? አንቺስ ብትሆኚ? ወረቀትሽን ነው የሚቀድዱት።»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር።

ማታ ለየሺመቤት ነገረቻቸው። ይጮኻሉ ብላ ፈርታ ነበር፤ አልጮኹም። በሶ በስልቻ ሞሉ፣ የክንዱን ሸሚዝ አናቱ ላይ አጥፈው አስቀመጡ። ከዚያ ሰገነትን ፈልገው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። አመሰግናለሁም አላሉ። «አንቺንስ ማን ይደብቅሽ?» ብቻ አሉ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሰገነት ከዳሱ በር የተንጠለጠለውን ቸርኬ መታች። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ሴቶቹ ሕፃን እንዳዘሉ መጡ። የሺመቤት ከፊት ተቀምጠው እርሳሳቸውን አጥብቀው ጨበጡ። ወረቀት አደለች። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ቀስ ብላ አነበበችላቸውና ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው መጻፍ ጀመሩ።

ጋሼ ገብረ ኪዳን ካኪ ኮታቸውን እንደለበሱ ገቡ። ዐይናቸው ከአግዳሚ አግዳሚ ሄደ። «አምሐስ?» አሏት በሹክሹክታ።

የተረፈውን ወረቀት አስተካክላ ደረደረች። ዐይናቸው እንደገና ዞረ፤ አሁን ሌላ ሰው ፍለጋ ነበር። ሁልጊዜ ሳቅ የሚመጣበት የኋላው ጥግ ባዶ ነው።

«ልጄ የት አለ?»

«አብረው ናቸው፣ ጋሼ።»

ፊታቸው ላይ የሆነውን መረዳት ሰገነትን ቸገራት። መጀመሪያ የነደደ ቁጣ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የዳሱን ምሰሶ ያዙ። «ገደልሽኝ» አሉ። ከዚያ፣ እንደ ምንም፣ «ምን ይዞ ሄደ?» አሉ።

«እማማ የሺመቤት ስንቅ አስይዘዋቸዋል።»

የሺመቤት ቀና አላሉም። ያችኑ አንዲት ፊደል ደጋግመው ያደምቁ ነበር።

ያን ጊዜ ከሐይቁ የሞተር ድምፅ መጣ። መጀመሪያ እንደ ንብ ነበር፣ ከዚያ ጎላ። ዳሱ ውስጥ እርሳሶች አንድ በአንድ ቆሙ። ሊቀመንበሩ ከምሰሶው ተላቅቀው በሁለት እጃቸው ኮታቸውን አስተካከሉ። የላይኛው ቁልፍ አልገባ ብሎ አስቸገራቸው። እግራቸው ግን ከበሩ አላለፈም።

ሰገነት አየቻቸው። ለልጆቹ ማን ነው የነገራቸው ተብሎ እንደሚጠየቅ ታውቃለች። እኒህ ሰው ጠያቂው ፊት ቢቆሙ ምን እንደሚሉም መገመት አያቅታትም፤ ቢሉም አትፈርድባቸውም። ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ በዚያው ጀልባ ላይ ነው፤ ወዴት እንደሚያወርዳት ግን ዛሬ አታውቅም።

ጠመኔውን ሰሌዳው ሥር አስቀመጠች። ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች።

«እርስዎ ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለች። «እንዳይኮራረጁ ይጠብቁልኝ።»

ሊቀመንበሩ ልጃቸው ይቀመጥበት በነበረው ጥግ ሄደው ተቀመጡ።

ሰገነት ለተማሪዎቹ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር አነበበችላቸው። ደግማ አነበበችላቸው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ጀልባውን ልትቀበል ብቻዋን ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች።